«ማን ከለከላችሁ?»
ስለ መድኃኒት አሠራር ፓተንት የተደረገ ንግግር

(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ምሽት፥ ከይፋግና ከወረታ አካባቢ በመጡ ተማሪዎች ስም የተነበበ)




ርእሳችን ስሙን ሲሰሙት የጠበቆችና የኬሚስቶች ብቻ ይመስላል፤ ይኸውም የመድኃኒት አሠራር ፓተንት ምን እንደ ሆነ ማስረዳት ነው። ነገር ግን ጉዳዩን ወደዚህ መድረክ ያመጣው መጽሐፍ ሳይሆን የአንዲት እናት ጥያቄ ስለ ሆነ፥ ከጥያቄው ብንጀምር ይሻላል።

ባለፈው ዓመት ለዕረፍት ወደ ይፋግ በሄድንበት ጊዜ፥ ከመካከላችን የአንዱ ታናሽ ወንድም ከመተማ የሰሊጥ አጨዳ ተመልሶ ታሞ አገኘነው። ሆዱ በግራ በኩል አብጧል፤ ትኩሳቱ አይለቀውም፤ ሥጋው አልቋል። በመጀመሪያ የሄደበት ክሊኒክ ወባ ነው እያለ ክኒን በመስጠት ሦስት ሳምንት አቆየው። በኋላ በሽታው ወደሚታወቅበት ሐኪም ቤት ተልኮ ካላዛር መሆኑ ተረጋገጠ፤ 17 ቀን ሙሉ በየቀኑ ሁለት ሁለት መርፌ፥ በድምሩ 34 መርፌ ተወግቶ ዳነ። ወደ ቤት በተመለሰ ዕለት እናቱ የመድኃኒቶቹን ባዶ ሣጥኖች በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው አመጡና «እስቲ አንብቡልኝ» አሉን። አነበብንላቸው። በሁለቱም ላይ የተጻፈው የሠሪው አገር ስም ህንድ ነበር።

እሳቸውም ጥቂት አስበው፥ «እናንተ ልጆች፥ ይኸን ያህል ዓመት ተምራችሁ፥ ይኸን እዚሁ እንዳትሠሩት ማን ከለከላችሁ?» አሉን። አንዳችን ቸኩሎ «ፓተንት የሚባል አለ፥ እማማ» ሲል መለሰ። እማማም «እሱ ደግሞ ማነው?» ብለው ጠየቁ። ሁላችንም ሣቅን። ይሁን እንጂ ሣቁ ካለፈ በኋላ፥ ማን እንደ ሆነ አጣርቶ የሚነግራቸው ከመካከላችን አንድም ሰው አለመኖሩን ተረዳን። እንግዲህ ዛሬ የምናቀርበው ንግግር የዚያን ቀን ዝምታችንን ዕዳ ለመክፈል ነው።

በሽታው በአገራችን እንዴት እንደ ገባ አስቀድመን በአጭሩ እንናገር። ይፋግ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነጋዴዎች ከየአቅጣጫው የሚገናኙባት የታወቀች ገበያ ነበረች። በግንቦት 1997 ዓ.ም. (በፈረንጆች 2005) ግን የሊቦ ከምከም ወረዳ ስም በሌላ ምክንያት ተጠራ። ከዚያ በፊት በደጋው ብዙም ያልታየው ካላዛር በሰፊው መግባቱ በዚያ ወር ታወቀ። በሽታው እስኪታወቅ ድረስ በወባ ስም ሲታከም ቆይቷል። ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅት በአዲስ ዘመን የሕክምና ጣቢያ ከፈተ፤ እስከ 2000 ዓ.ም. መጀመሪያ ባለው ጊዜ ከሊቦ ከምከምና ከፎገራ ከሁለት ሺሕ በላይ ሰዎች ታከሙ። ከታከሙት ከመቶ አራት ያህሉ ሞቱ። ያልታከመ ካላዛር ግን ከመቶ ከ95 በላይ የሚሆኑትን ይገድላል። ያን ጊዜ እኛ ገና በእናቶቻችን ጀርባ የምንታዘል ሕፃናት ነበርን። ስለዚህ በ4 እና በ95 መካከል ያለው ልዩነት ለእኛ የሒሳብ ቁጥር አይደለም፤ ዛሬ አብረውን የሚቆጠሩ የዕድሜ እኩዮቻችን ናቸው። ልዩነቱን የፈጠረውም መድኃኒቱ ነው።

ታዲያ መድኃኒቱን ማን ይሠራዋል? የመሥራትስ መብት የማን ነው? በዚህ ነገር በመኝታ ክፍላችን ብዙ ሌሊት ተከራክረናል። አንዱ ወገን «ፓተንት ማለት የድኻን ሕይወት በገንዘብ መለወጥ ነው፤ ጨርሶ ሊጠፋ ይገባል» ይላል። ሌላው ደግሞ «ፓተንት ባይኖር ማን ገንዘቡን አውጥቶ አዲስ መድኃኒት ይፈልጋል?» ይላል። ሁለቱም ወገኖች ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይናገራሉ፤ ነገር ግን አንድ የፓተንት ጽሑፍ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያነበበ ከሁለቱም ወገን አልነበረም። ስለዚህ ከመፍረዳችን በፊት ነገሩን እንወቀው።

ፓተንት ማለት መንግሥት ለአንድ አዲስ ነገር ፈጣሪ ለተወሰነ ዘመን የሚሰጠው የብቻነት መብት ነው። በምትኩም ፈጣሪው አሠራሩን፥ የሙያው ሰው አንብቦ ሊሠራው እስኪችል ድረስ፥ ዘርዝሮ ለሕዝብ እንዲገልጥ ይገደዳል። ሁለቱን ጎኖች አስተውሉ፤ አንዱ ክልከላ ነው፥ ሁለተኛው ትምህርት ነው። እኛ ብዙ ጊዜ የምናየው ክልከላውን ብቻ ነው።

አሁን ወደ ይፋግ ገበያ እንሂድና በምሳሌ እንየው። አንዲት ባለሙያ ሴት ጠላ ለማጥራት አዲስ ዘዴ አገኘች እንበል። ብቅሉንና ጌሾውን ጠንስሳ፥ እንኩሮውን በሌላ ተራ ጨምራ፥ ሌላው ሰው ሳምንት የሚፈጅበትን እሷ በሁለት ቀን ታደርሰዋለች። መብት ሲሰጣት ሁለት ዓይነት ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው መብት በጠላው በራሱ ላይ ቢሰጥ፥ በማናቸውም ዘዴ ቢሆን ሌላ ሰው ያን ጠላ መጥመቅ አይችልም። ይህ የውጤት ፓተንት ይባላል። ሁለተኛው መብት በአጠማመቁ ዘዴ ላይ ብቻ ቢሰጥ ግን፥ ጎረቤቷ ያንኑ ጠላ በራሷ መንገድ ጠምቃ ብትሸጥ የሚከለክላት የለም። ይህ የአሠራር ፓተንት ይባላል። የመጀመሪያው ቤቱን ሲዘጋ፥ ሁለተኛው ወደ ቤቱ ከሚወስዱት መንገዶች አንዱን ብቻ ይዘጋል።

ከዚህ ምሳሌ ሦስት ተጨማሪ ነገሮች እንማራለን። አንደኛ፥ መብቱ የአገር ድንበር አለው፤ በይፋግ የተሰጠ መብት በወረታ ካልተሰጠ በወረታ አይሠራም። ሁለተኛ፥ በብዙ አገሮች ሕግና በዓለም ንግድ ድርጅት ስምምነት መሠረት፥ የአሠራር ፓተንት በዚያ ዘዴ በቀጥታ የተሠራውንም ዕቃ ይከተላል፤ ዘዴዋን ወስዶ ወረታ ላይ የጠመቀ ሰው ጠላውን ይዞ ይፋግ ገበያ ሊገባ አይችልም። ሦስተኛ፥ ማስረጃ አስቸጋሪ ነው፤ ጠላው በማሰሮ ከቀረበ በኋላ በየትኛው ዘዴ እንደ ተጠመቀ በላዩ ላይ አልተጻፈበትምና። ስለዚህ ይኸው ስምምነት፥ ውጤቱ አዲስ በሆነ ጊዜ፥ «በሌላ ዘዴ ሠራሁ» የሚለው ተከሳሽ ራሱ እንዲያስረዳ ሊደረግ እንደሚገባ ይደነግጋል።

በአገራችን ይህን ጉዳይ የሚመለከተው ሕግ በ1987 ዓ.ም. (1995) የወጣው አዋጅ ቁጥር 123 ነው። አዋጁ ሲወጣ ፓተንት ለውጤትም ለአሠራርም ሊሰጥ እንደሚችል፥ ዘመኑም ማመልከቻው ከቀረበበት ቀን ጀምሮ 15 ዓመት እንዲሆን፥ ፈጠራው በኢትዮጵያ ውስጥ በሥራ ላይ መዋሉ ከተረጋገጠ ደግሞ 5 ዓመት ሊጨመርለት እንደሚችል ደነገገ። የሐኪም የማከሚያ ዘዴ ግን ፓተንት አይሰጠውም። በዓለም ንግድ ድርጅት በኩል ደግሞ፥ በልማት ወደ ኋላ ለቀሩ አገሮች በመድኃኒት ላይ ፓተንት የመስጠት ግዴታ እስከ 2033 መጀመሪያ ድረስ እንዳይጸናባቸው በ2015 ተወስኗል።

የአሠራርና የውጤት ልዩነት በዓለም ላይ ምን እንዳደረገ በሁለት ታሪኮች እንመልከት።

የመጀመሪያው የፔኒሲሊን ታሪክ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የኦክስፎርድ ሊቃውንት ፔኒሲሊን ሰውን እንደሚያድን ሲያሳዩ በራሱ በመድኃኒቱ ላይ ፓተንት አላወጡም። ነገር ግን በትንሽ ዕቃ የሚገኘው ለጥቂት ሰው እንኳ አይበቃም ነበር። በአሜሪካ በፒዮሪያ ከተማ በመንግሥት የእርሻ ላቦራቶሪ የሚሠራው አንድሩ ሞየር ሻጋታውን ከበቆሎ ስታርች በሚተርፈው ፈሳሽ እየመገበ ምርቱን እጅግ አበዛው፤ በ1948ም በዚህ አሠራር ላይ የአሜሪካ ፓተንት ተሰጠው። ይህ ነገር በብሪታንያ ብዙ ቅሬታ አስነሣ፤ የእኛ ሊቃውንት ያገኙትን ነገር ለመሥራት ለሌላ ሰው ልንከፍል ነው ተባለ። መድኃኒቱ የማንም ሳይሆን፥ መንገዱ የአንድ ሰው ሆኖ ተገኘ።

ሁለተኛው የህንድ ታሪክ ነው፤ ይህም እኛን በቀጥታ ይነካል። ህንድ በ1970 ባወጣችው የፓተንት ሕግ፥ ለመድኃኒት የሚሰጠው ፓተንት በአሠራሩ ላይ ብቻ እንዲሆን፥ ዘመኑም ከሰባት ዓመት እንዳይበልጥ ወሰነች። ቤቱን ክፍት ትታ አንዱን መንገድ ብቻ ዘጋች ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የህንድ ኬሚስቶች ሥራ ሌላ መንገድ መፈለግ ሆነ፤ በሠላሳ ዓመት ውስጥም በዚህ ሥራ ሠለጠኑ። ስለዚህ የኤችአይቪ መድኃኒት ለአንድ ሰው በዓመት ከ10,000 ዶላር በላይ በሚያስወጣበት ጊዜ፥ ሲፕላ የተባለው የህንድ ኩባንያ በ2001 ሦስቱን መድኃኒቶች አንድ ላይ በዓመት በ350 ዶላር አቀርባለሁ ብሎ ዓለምን አስደነቀ። በአገራችን የኤችአይቪ መድኃኒት በነጻ መታደል የተጀመረው በ1997 ዓ.ም. (2005) ነው፤ የዋጋው መውረድ ባይኖር ኖሮ ይህ የሚታሰብ አልነበረም። ህንድ በዚያው በ2005 ሕጓን ለውጣ በመድኃኒቱ በራሱ ላይም ፓተንት መስጠት ጀመረች። የሠለጠነው እጅ ግን ሥልጠናውን አልረሳም።

«እጅ» የሚለውን ቃል ያዙልን፤ ወደ እሱ እንመለሳለንና። አሁን ወደ እማማ ሣጥኖች እንሂድ።

የመጀመሪያው ሣጥን ሶድየም ስቲቦግሉኮኔት ነው። ከአንቲሞኒ የሚሠራ የ1940ዎቹ መድኃኒት ስለ ሆነ ፓተንት የሚያግደው ነገር የለም። ጴንጦስታም በሚል ስም እንግሊዞች ይሠሩት ነበር፤ በኋላም አልበርት ዴቪድ የተባለ የካልካታ ኩባንያ እጅግ በረከሰ ዋጋ አወጣው። የረከሰው ከተወደደው ያንሳል ወይ ተብሎ በሑመራ አካባቢ በሽተኞች ላይ በ1990 እና 1991 ዓ.ም. ገደማ ተፈትኖ፥ ሁለቱ እኩል መሆናቸው በ2001 በታተመ ጥናት ተገለጠ። ሁለተኛው ሣጥን ፓሮሞማይሲን ነው። ይህም የ1950ዎቹ መድኃኒት ነው፤ በአፈር ውስጥ ከሚኖር ስትሬፕቶማይስስ ከተባለ ባክቴሪያ በማብላላት ይገኛል። ትርፍ ስለሌለው ለካላዛር የሚያዘጋጀው ጠፍቶ ብዙ ዘመን ከቆየ በኋላ፥ ለትርፍ ያልቆሙ ድርጅቶች አንሥተውት በ2006 በህንድ ተፈቀደ። ሁለቱን መድኃኒቶች አብሮ መስጠት 30 ቀን የነበረውን ሕክምና ወደ 17 ቀን ዝቅ እንደሚያደርገው በምሥራቅ አፍሪቃ በተደረገ ፈተና ታወቀ፤ ከተፈተነባቸው ቦታዎችም ጎንደርና አርባ ምንጭ ይገኛሉ። ይኸው የጎንደር ሕክምና ማዕከል በኋላ ከመርፌዎቹ አንዱን በሚዋጥ ሚልቴፎሲን በተባለ መድኃኒት የሚተካ የ14 ቀን ሕክምና በመፈተንም ተካፍሏል።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ በሁለቱም ሣጥኖች ላይ ሕያው የሆነ ፓተንት የለም። ያ ጓደኛችን ለእማማ የሰጠው መልስ ስሕተት ነበር። ፓተንት ይጥፋ የሚለው ወገን ሐሳቡ ቢፈጸምለት ለእማማ ልጅ አንድ ጠብታ መድኃኒት አይጨምርም። ፓተንት ይኑር የሚለውም ወገን እንዲሁ ነው፤ ካላዛር የሚይዘው የሰሊጥ አጫጁን ስለ ሆነ፥ የፓተንት ትርፍ አጓጉቶት ለዚህ በሽታ ገንዘቡን የሚያፈስ ኩባንያ በብዛት አልታየም። በእኛ ክርክር ውስጥ ሁለቱም ወገኖች የተዘጋ በር ሲያንኳኩ፥ በሩ ግን አስቀድሞ ተከፍቶ ነበር።

ታዲያ በሩ ክፍት ከሆነ ለምን አልገባንም?

ይህን የሚያስረዳልን ሦስተኛው መድኃኒት ነው፤ ስሙ አምቢሶም ይባላል። የጸና ሕመም ላለባቸውና ኤችአይቪ ላለባቸው የካላዛር በሽተኞች የሚሰጥ ነው። በውስጡ ያለው አምፎቴሪሲን ቢ በ1950ዎቹ የተገኘ የቆየ መድኃኒት ነው፤ ብቻውን ሲሰጥ ግን ኩላሊትን ይጎዳል። አዲሱ ነገር ከአኩሪ አተር በሚገኝ ስብና በኮሌስትሮል በተሠሩ እጅግ ጥቃቅን ከረጢቶች መጠቅለሉ ነው፤ የእያንዳንዱ ከረጢት ስፋት ከአንድ ሚሊሜትር አሥር ሺሕኛ እጅ ያንሳል። ጊሊያድ የተባለው ኩባንያ ከዓለም ጤና ድርጅት ጋር በ2011 ባደረገው ስምምነት ይህ መድኃኒት ለድኻ አገሮች በስጦታ ሲላክ ቆይቷል። የፓተንቱ ዘመን በአሜሪካ በ2016 አለቀ። ሰው ሁሉ ወዲያው ይሠራዋል ተብሎ ሊጠበቅ ይችላል። ነገር ግን አንድ ሌላ ሠሪ ተመሳሳዩን አቅርቦ በአሜሪካ የተፈቀደለት በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. (ዲሴምበር 2021) ነው፤ ይህም ሳን ፋርማ የተባለው የህንድ ኩባንያ ነው። ፓተንቱ ካለቀ በኋላ አምስት ዓመት ተቆጠረ። አምስቱን ዓመት በሩን የዘጋው ሕግ አልነበረም። ከረጢቶቹን ሁልጊዜ በአንድ ልክ መሥራት፥ ያለ ተሕዋስያን ማሸግ፥ ትክክል መሆናቸውንም በመለካት ማስረዳት እጅግ ከባድ ስለ ሆነ ነው።

አሁን «እጅ» ወዳልነው ቃል ተመለስን። በአገራችን ስለ አንዲት ባለሙያ ሲነገር «እጇ ይጣፍጣል» ይባላል። ሁለት ሴቶች አንድ ዓይነት ጌሾ፥ አንድ ዓይነት ብቅል፥ አንድ ዓይነት ጋን ይዘው የአንዷ ጠላ ይጠራል፥ የሌላዋ ይደፈርሳል። ዘዴው በወረቀት ይጻፋል፤ እጅ ግን አይጻፍም። ፓተንቱ ሲያልቅ የምንወርሰው ወረቀቱን ነው። እጁን ሊያወርሰን የሚችል ማንም የለም፤ ሠርተን፥ ተሳስተን፥ ደግመን ሠርተን ብቻ የምናገኘው ነው። ህንዶች ከ1970 ጀምሮ ያደረጉት ይህንኑ ነው።

እጅ ሲጎድል የሚደርሰው ጉዳትም ቀላል አይደለም። ስቲቦግሉኮኔት አንድ ጥርት ያለ ቅርጽ ያለው ኬሚካል አይደለም፤ አንቲሞኒውና አሲዱ በልዩ ልዩ መልክ የተያያዙበት ድብልቅ ነው። ስለዚህ ምንነቱን የሚወስነው አሠራሩ ነው ለማለት ይቻላል። በ1990ዎቹ በህንድ አገር ከአንድ የምርት ዙር የወጣ መድኃኒት ልኩን የሳተ ሆኖ በተገኘ ጊዜ የተወጉት በሽተኞች ልባቸው ክፉኛ ታወከ። እንግዲህ ወረቀቱን ይዞ መነሣት ብቻውን ሰው ሊገድል ይችላል።

ወረቀቱን ካለማንበብ የሚመጣው ጉዳት ደግሞ ሌላ ነው። ስለ ጤፍ የሆነውን አስታውሱ። አንድ የሆላንድ ኩባንያ በ2007 ከአውሮፓ የፓተንት መሥሪያ ቤት በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ ፓተንት አገኘ። ሁላችንም «ጤፋችን ተወሰደ» ብለን ጮኽን። የመብቱን ወሰን ላነበበው ሰው ግን ነገሩ ሌላ ነበር፤ የተያዘው ጤፍ ራሱ ሳይሆን፥ እህሉ በሚፈጭበት ጊዜ በአንድ የመለኪያ ዘዴ ከ250 የማያንስ ውጤት ያሳየ ጤፍ ዱቄትና አሠራሩ ነበር። ፓተንቱ በሆላንድ የፈረሰው በጩኸት አይደለም፤ የሄግ ፍርድ ቤት በ2018 ቃሉን መርምሮ፥ ለሙያው ሰው አዲስ ብልኀት የለበትም ብሎ ስለ ፈረደ ነው። ከዚህ የምንማረው፥ የፓተንት ጽሑፍ ሲነበብ ከሁሉ አስቀድሞ መታየት ያለበት በመጨረሻው ያለው የመብቱ ወሰን መሆኑን ነው። ርእሱ ሰፊ ቢሆንም የሚከለክለው በዚያ ወሰን ውስጥ የተጻፈውን ብቻ ነው። ቀጥሎም ቀኑን፥ አገሩን፥ ከዚያም የአሠራሩን ዝርዝር ማየት ይገባል።

የራሳችን ምሳሌም አለን። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይቶ፥ እንዶድ የቢልሃርዝያን ተሸካሚ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ደረሰበት። በኋላም ከሌሎች ሊቃውንት ጋር ሆኖ የእንዶዱ ኀይል በቡታኖል ሲወጣ እንደሚበረታ አሳየ። ያጣቢዎቹ እጅ የሚያውቀውን እሱ በላቦራቶሪ ለካው፥ ጻፈውም። በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ለዚህ ሥራው የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተሸለመ። ጥቂት ቆይቶ በ1990ዎቹ የአሜሪካ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ እንዶድ የውኃ ቧንቧ የሚዘጋውን የዜብራ ሙሰል እንዲገድል በማድረጉ ዘዴ ላይ ፓተንት አወጣ። በጣና ዳርቻ ቢልሃርዝያን የምናውቅ እኛ፥ እንዶድን ከልብስ ማጠቢያነት አሳልፈን ምን አደረግንበት ብሎ ራሱን የማይጠይቅ ተማሪ ካለ ይቅርታ እንጠይቀዋለን።

አንድ መምህራችን ይህን ንግግር አስቀድመው ተመልክተው እንዲህ ሲሉ ጠይቀውን ነበር፤ «የካላዛር በሽተኛ ቁጥሩ ጥቂት ነው፤ ለእሱ ሲባል ፋብሪካ ማቆም ኪሳራ አይሆንም ወይ? ከህንድ መግዛቱ አይረክስም?» ጥያቄው ትክክል ነው፤ ለካላዛር ብቻ ፋብሪካ ይቁም ብለን አንከራከርም። ነገር ግን እጅ የአንድ መድኃኒት ብቻ ሆኖ አይቀርም። ፓሮሞማይሲንን ማብላላት የተማረ ሌላውን አንቲባዮቲክ ማብላላት ይችላል። አንድ መርፌ ያለ ተሕዋስያን ማሸግ የቻለ ማናቸውንም መርፌ ማሸግ ይችላል። የአንድን ምርት ልክ መመርመር የሠለጠነ፥ ቢያንስ ከውጭ የሚመጣውን ጥሩና መጥፎ ለይቶ ያውቃል። ስጦታውም ቢሆን የሰጪው ፈቃድ ነው፤ ያቆመ ዕለት ምን እንደምናደርግ ከዛሬ ማሰብ አለብን።

ስለዚህ በማኅበራችን ፊት ሦስት ነገሮች እንጠይቃለን።

አንደኛ፥ የፋርማሲ፥ የኬሚስትሪና የሕግ ተማሪዎች በአንድነት በወር አንድ ጊዜ እየተሰበሰቡ ዘመኑ ያለቀ አንድ የመድኃኒት ፓተንት እንዲያነቡ ማኅበሩ ቦታና ሰዓት ይስጠን። የሕጉ ተማሪ ወሰኑን፥ የኬሚስትሪው ተማሪ አሠራሩን፥ የፋርማሲው ተማሪ አጠቃቀሙን ያስረዳ። ከፓሮሞማይሲን እንጀምር።

ሁለተኛ፥ መምህራኖቻችን የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ሲሰጡ፥ እንዲህ ያሉ አሠራሮችን በላቦራቶሪ ልክ በጥቂቱ ሠርቶ የመመርመርን ሥራ እንደ ርእስ ይቀበሉ። በመኝታ ክፍል መርፌ እንሥራ ማለታችን አይደለም፤ ለሰው የሚሰጥ መድኃኒት በመድኃኒት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ተመርምሮ መፈቀድ አለበት። እኛ የምንለው፥ ስሕተቱን በላቦራቶሪ እንሳሳተው ነው።

ሦስተኛ፥ ለዕረፍት ወደ የአገራችን ስንሄድ ስለ ካላዛር የምናውቀውን ለቤተሰቦቻችን እንንገር። ትኩሳቱ ሁለት ሳምንት አልለቅ ያለው፥ ሆዱም ያበጠ፥ ከመተማ ወይም ከሑመራ የተመለሰ ሰው የወባ ክኒን እየዋጠ አይቆይ። የዓለም ኬሚስቶች ሁሉ የደከሙበት መድኃኒት ሰዓቱ ካለፈ በኋላ ቢመጣ ምን ይረባል?

በመጨረሻ የፎገራን ሜዳ ምሳሌ አድርገን እናብቃ። አባቶቻችን ሩዝ አያውቁም ነበር። በደርግ ዘመን ዘሩ ከሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች ጋር ሲመጣ፥ ውኃ የሚተኛበት ሜዳ ለምን ይሆናል ብሎ የተጠራጠረ ብዙ ነበር። ዘሩን የከለከላቸው አልነበረም፤ ዘሩ ብቻውን ግን ሩዝ አልሆነም። መዝራቱን፥ ማረሙን፥ መፈልፈሉን እጃቸው እስኪለምደው ድረስ ዓመታት ወሰደ። ዛሬ የወረታን ገበያ ያየ ሰው የእጁን ፍሬ ያያል። ገበሬው ያደረገውን ተማሪው አልችልም ቢል ያሳፍራል።

ለእማማ መልሱን ይዘን ወደ ይፋግ እንመለሳለን። እንዲህ እንላቸዋለን፤ «እማማ፥ ፓተንት የሚባለው ሰው አይደለም፤ በዚህ መድኃኒት ላይ የነበረውም ዘመን አልቋል። የከለከለን የለም። የጎደለው የእኛ እጅ ነው፤ እሱንም መልመድ ጀምረናል።» የመጨረሻዋን ቃል እውነት ማድረግ ግን ከዛሬ ማታ ጀምሮ የእኛና የእናንተ ሥራ ነው።